ዩራኒየም የምታጠናዋ ክርስትና እናት

እኔ በአንድ ቤት ተቀምጬ የማረጅ ሴት አይደለሁም። አራት ወልጄ አንዷን አፈር አልብሻለሁ፤ ከቀሩት ሦስቱ አንዱ ስማዳ ወገዳ፣ አንዷ ታች ጋይንት አርብ ገበያ፣ ታናሺቱ እስቴ መካነ ኢየሱስ ናቸው። አንዱ ዘንድ ወር ስቀመጥ ሌላው ይናፍቀኛል። ጥጤንና እንዝርቴን በዘንቢል አድርጌ መንገድ እገባለሁ፤ መኪና ሲገኝ በመኪና፣ ሲጠፋ በእግር። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል ያስቆጠረኝ ባለቤቴ ነው፣ ነፍሱን ይማረው። ዳዊት ደጋሚ ነበርና ክረምት ሲሆን ሥራ ስለማይበዛ አጠገቡ አስቀምጦ ያስነብበኝ ነበር። ይህችንም የምጽፈው በዚያችው ፊደል ነው፤ የተሳሳትኩት ካለ ይቅር በሉኝ።

ትርንጎ የሟች ልጄ ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት ጡት አልጣለችም ነበር፤ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ትምህርቷ ገፍቶ ገፍቶ ባሕር ማዶ አደረሳት። እዚያ ስለምትሠራው ሥራ በስልክ ትነግረኛለች፤ እኔም "እሰይ፣ እሰይ" እላለሁ። አንድም ቀን "ምን ማለት ነው?" ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ብትነግረኝም የማይገባኝ ይመስለኛል፤ አለመግባቱን እንድታውቅብኝ ደግሞ አልፈልግም። የሁሉም ጣጣ መነሻ ይኸው ነው።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመት በፊት፣ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ነው። ትርንጎ ለእረፍት መጥታ መካነ ኢየሱስ አክስቷ ቤት አርፋለች። የመጣችበት ትልቁ ጉዳይ ክርስትና ነበር። አብሮ አደጓ ደብሬ ሴት ልጅ ወልዳለች። ሁለቱ ገና ልጃገረድ ሳሉ፣ ቀድማ የወለደችውን የአንዷን ልጅ ሌላዋ ክርስትና ልታነሳ ቃል ተገባብተዋል። ከዚያ ወዲያ አበልጅ ናቸው፤ በእኛ አገር አበልጅነት ከሥጋ ዝምድና አያንስም። ሴት ልጅ በተወለደች በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሳ፤ ሰማንያው የሚሞላው ቅዳሜ ነበር። ያ ቀን ወደፊት አይገፋም፣ ወደኋላም አይሳብም።

ከክርስትናው ስምንት ቀን ቀደም ብሎ፣ አርብ ዕለት፣ እኔ አርብ ገበያ ነበርኩ። ጥጥ ከሚሸጡት ሴቶች ዘንድ ቁጭ ብዬ ስመርጥ አንዷ፣

"የልጅሽ ልጅ ከውጭ ገብታለች አሉ። ሥራዋ ምንድን ነው?" አለችኝ።

"ብረት ራጅ ታነሳለች" አልኳት።

"ብረት ደግሞ ምኑን ያመዋል?"

ሴቶቹ ሳቁ። እልህ ያዘኝ። "እንደ ማረሻሽ ያለ ብረት አይምሰልሽ። ዩራኒየም የሚሉት ነው።"

ከመካከላቸው ሬዲዮ የምታዳምጥ አንዲት ሴት ነበረች። "እሱ እኮ ቦምብ የሚሠሩበት ነው" አለች ዝግ ብላ። "ጨረር አለው። የነካውን ሰው ዘር ይቆርጣል ሲሉ ሰምቻለሁ።"

"የእኔ ልጅ ትችለዋለች" አልኩ። ምኑን እንደምትችለው ሳላውቅ።

ከአርብ ገበያ ተነስቼ ወገዳ ልጄ ዘንድ ሰነበትኩና መካነ ኢየሱስ የደረስኩት ሐሙስ ነው። ለካ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። የደብሬ አማት አንጓች ከልጄ አጥር ውጭ ቆማ ትጠብቀኛለች። አንጓች በዕድሜ እኩያዬ ናት፤ ዘለግ ያለች፣ ነገር የማታስረዝም ሴት። ያካፋ ስለነበር ጃንጥላዬ ሥር አስጠጋኋት።

"ምነው ቤት አትገቢም?"

"አልገባም። የምነግርሽ ቤት ውስጥ የሚነገር አይደለም።"

"ሕፃኗ ደህና አይደለችም?"

"ደህና ናት። ደህና እንደሆነች እንድትቀር ነው የመጣሁ። ልጅሽ ከዩራኒየም ጋር ነው የምትውል?"

ጃንጥላውን ወደ እሷ አዘነበልኩት።

"አርብ ገበያ ላይ ራስሽ ተናግረሻል ተብሏል።"

"ተናግሬያለሁ።"

"ሆስፒታል የራጅ ክፍሉ በር ላይ ነፍሰ ጡር አትግባ ብለው ለጥፈዋል። ደብሬ እርጉዝ ሳለች የታመመ ልትጠይቅ ሄዳ ከዚያ በር ፈቀቅ በይ ብለዋታል፤ አብሬያት ነበርኩ። በሆድ ላለ ያልሆነ ለሰማንያ ቀን ልጅ ይሆናል? ያውም የሆስፒታሉ ለአፍታ ነው። ያንቺዋ ዓመት ከዓመት ስትውልበት የኖረች ናት። እኔ ትርንጎን አልጠላኋትም፤ በእኔ ግቢ ስትሮጥ ነው ያደገች። ግን ሌላ ሰው ያንሳት። የጎረቤቴ ልጅ አለች፣ ቆራቢ ናት።"

እውነቱን ልንገራችሁ። ያቺ ሬዲዮ አዳማጭ ያለችው ነገር ወገዳ ሳለሁ እህል አላስበላ ብሎኝ ነበር። ትርንጎ ገና አልወለደችም። እኔም ፈርቻታለሁ፤ ለእሷም ፈርቻለሁ፣ እሷንም ፈርቻለሁ። አንጓች ዓይን ዓይኔን እያየች ስትጠብቀኝ፣

"እሺ" አልኳት። "ሌላ ሰው ፈልጉ። ለትርንጎ እኔ እነግራታለሁ።"

ትከሻዬን ሳመችኝና ሄደች።

ቤት ስገባ ትርንጎ ዘላ ተጠመጠመችብኝ። እኔ ጉንጬን ሰጠኋት እንጂ አላቀፍኳትም። ከባሕር ማዶ ይዛው የመጣችውን የሕፃኗን ነጭ ቀሚስ ዘርግታ አሳየችኝ፤ ጥልፉን በጣቷ እየተከተለች። ከዚያ፣

"እምዬ፣ ማተቡን አንቺ ግመጅልኝ" አለችኝ። "ከሱቅ የተገዛ ክር እንዲሆን አልፈለግሁም፤ እስክትመጪ ነው የጠበቅሁሽ።"

ሌላ ሴት የምታስረውን ማተብ እንዴት አድርጌ እንደምገምድ እንጃ፣ ተቀመጥኩና ጀመርኩ። ክሩ ተበጠሰ። ቀጠልኩት፤ ደግሞ ተበጠሰ።

"እጅሽ ምን ሆኗል?"

"በርዶኝ ነው።"

"አንቺን? በዚህ ዝናብ ከወገዳ የመጣሽዋን?" ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችውና ከፊቴ ቁጢጥ አለች። "ምን ሆነሻል? ከገባሽ ጀምሮ ፊቴን አላየሽም።"

ነገርኳት። የገበያውን ወሬ፣ የአንጓችን ቃል፣ የእኔን እሺታ። ምንም አላስቀረሁም።

ለረጅም ጊዜ ቀሚሱን ስታጥፍ ቆየች። የታጠፈውን መልሳ ታጥፋለች።

"ደብሬ ታውቃለች?"

"አይመስለኝም።"

"አንቺ እሺ ያልሽው ፈርተሽ ነው ወይስ አፍረሽብኝ?"

"ሁለቱንም" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ይልቅ ተነስታ ወደ ግቢ ወጣች። ዝናቡ አባርቷል፤ ፀሐይ ገብታ ለዓይን ያዝ ማድረግ ጀምሯል። የስልኳን ባትሪ አብርታ ግቢው ጥግ ያለው የአጥር ግንድ ላይ አስቀመጠችውና ወደ እኔ ተመለሰች።

"ጃንጥላሽን ዘርጊው። ጨርቁን ወደ ዓይንሽ አስጠጊና መብራቱን በጨርቁ ውስጥ አሳልፈሽ እይው።"

እንዳለችኝ አደረግሁ። ያ አንድ መብራት ብዙ ሆነ። መሐሉ ላይ አንድ ደማቅ፣ ከእሱ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነጥብ ነጥብ እያለ የተሰለፈ ብርሃን፤ ጫፍ ጫፉ ቀላ፣ ሰማያዊ ሰማያዊ ያለ። መስቀል ነው የሠራ። አማተብኩ።

"ማማተቡን አማትቢ" አለች፣ "ግን የጨርቁ ሥራ ነው። እስቲ በነጠላሽ ደግሞ ሞክሪው።"

ነጠላዬን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት። ብዥ ያለ ነገር ነው እንጂ ነጥብ የለውም።

"ለምን ይመስልሻል?"

ይህን ያህል ዘመን ስኖር ከተማረ ሰው አፍ "ለምን ይመስልሻል" ተብዬ ስጠየቅ የመጀመሪያዬ ነበር። ክር ደግሞ ሥራዬ ነው። "የነጠላው ክር ወፍራም ነው፤ ድርና ማጉም ይራራቃል። የጃንጥላው ክር የቀጠነ ነው፣ ሽመናውም ጠበቅ ያለ" አልኳት።

"አገኘሽው። ሽመናው ሲጠብቅ ነጥቦቹ ይራራቃሉ፤ ሲሳሳ ይቀራረቡና ብዥ ይላሉ።" ጨርቁን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ጎን ሳበችው፤ የነጥቦቹም መስመር አብሮ ዘመመ። "አየሽ? ጨርቁን ሳትዳስሺ ነጥቦቹን ብቻ አይተሽ ሽመናውን ማወቅ ትችያለሽ። ብረትም ድርና ማግ አለው፤ በጣም ደቃቅ ስለሆነ በዓይን አይታይም። ብርሃን በብረት ውስጥ ስለማያልፍ እኛ ራጅ እንልክበታለን። ራጁ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይመለሳል። እኔ ነጥቦቹን እለካለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው።"

"ዩራኒየሙስ?"

"ዩራኒየም ከእርሳስ ይከብዳል። ራጁ ቆዳውን ብቻ አይቶ ይመለሳል። እስከ ልቡ ለማየት ኒውትሮን የሚባል ሌላ ዓይነት ጨረር አለ፤ እሱ ጠልቆ ይገባል።"

"እህል ሸማች ከጆንያው አፍ ዘግኖ የሚያየውና ክንዱን ሰዶ ከታች የሚያወጣው እንደማለት ነው?"

"ልክ እንደሱ ነው" አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

"ሽመናውን አውቀሽ ምን ታደርጊበታለሽ?"

"ይህ ብረት አመለኛ ነው እምዬ። ሌላ ብረት ሲሞቅ በሁሉም በኩል ያብጣል። የእሱ ሽመና ሲሞቅ በሁለት በኩል ይረዝማል፣ በአንድ በኩል ያጥራል። ደጋግሞ ሲሞቅና ሲበርድ ይጣመማል። ኤሌክትሪክ ለማመንጨት እንደ ማገዶ ምድጃ ውስጥ ያስገቡት ብረት ውስጥ ለውስጥ ቢጣመም አደጋ ነው። እንዴት እንደሚጣመም ቀድመን ለማወቅ ነው የምንደክም።"

ለስንት ዓመት በስልክ "እሰይ" ስለው የኖርኩት ነገር ይህ ነበር። አፌ ላይ የነበረውን ጥያቄ ያኔ አወጣሁት።

"ያ ራጅ ሰው ላይ ይቀራል?"

ሄዳ ባትሪውን አጠፋችው። "አሁን ጃንጥላሽ ላይ የቀረ ብርሃን አለ?"

"የለም።"

"ራጅም እንዲሁ ነው፤ ያልፋል፣ አይቀርም። ሲያልፍ ግን ሊጎዳ ስለሚችል እርጉዝን ይከለክላሉ።" ወደ በሩ ከሄደች በኋላ ቆመች። "ይህን ብቻ ብነግርሽ ግማሹን ደበቅሁሽ ማለት ነው። ኒውትሮን የገባበት ብረት ለጊዜው ጨረሩን ይዞ ይቆያል። ዩራኒየሙም በራሱ ጨረር አለው፤ ዱቄቱ በአፍና በአፍንጫ ከገባ ይጎዳል። ስለዚህ አሽገን፣ በጓንት ነው የምንሠራ። ስንወጣ መሣሪያ እጅና እግራችንን ይፈትሻል። ደረቴ ላይም የምትንጠለጠል መለኪያ አለች። በየጊዜው ትታያለች፤ አንድም ቀን ከልክ አልፋ አታውቅም።"

በማግስቱ አርብ ወደ አንጓች ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ ለመንኳት።

"ጃንጥላውን አሳያት። ራጅ አይቀርም በያት። ያን የመጨረሻውን ግን ተይው። አንጓችን ታውቂያታለሽ።"

"አርብ ገበያ ላይ ችግር ያመጣብሽ ግማሽ ነገር መያዝሽ አይደለም እንዴ?" አለችኝ። ጃንጥላዬን ይዤ ተከተልኳት።

ደብሬ ሕፃኗን እያጠባች ነበር። ባሏ ለሥራ መተማ ወርዷል፤ ቤቱን የምታዝ አንጓች ናት። ትርንጎን ስታይ ደነገጠች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ፣ ዓይኔን ሰበርኩ። ትርንጎ መስኮቱን ዘግታ፣ ባትሪውን በረንዳ ላይ አስቀምጣ፣ ቤቱ ጥግ ሆና እንድታይ ጃንጥላውን አስያዘቻት። አንጓች ካየች በኋላ ጃንጥላውን አጥፋ መለሰችላት።

"ያምራል" አለች። "እኔ የምፈራ ግን መብራት አይደለም።"

"አውቃለሁ እማማ" አለች ትርንጎ፣ ተቀምጣም ሁሉንም ነገረቻት። ራጅ አልፎ ስለመሄዱ፣ ስለ ዱቄቱ፣ ስለ ጓንቱ፣ ስለ ደረቷ መለኪያ፣ ኒውትሮን ገብቶበት ጨረር ስለሚይዘው ብረት። እኔ መሬት መሬቱን እያየሁ ነበር። አበቃልን አልኩ በልቤ።

አንጓች ግን ፊቷን አላጠቆረችም። ጠየቀች።

"ያ ጨረር የያዘው ብረት የት ነው የሚቀመጥ?"

"ለብቻው፣ ተቆልፎበት።"

"እስከ መቼ?"

"እንደ ብረቱ ነው። በቀናት የሚበቃው አለ። ወራት የሚፈልግ አለ። ዓመት ሞልቶትም የማይወጣ አለ።"

"ቀኑን ማን ይቆጥራል?"

"እየተለካ ይጻፋል። ሳይሞላለት ማንም አያወጣውም።"

"ብትቸኩሉስ?"

"ብንቸኩልም አይወጣም።"

"አለቃችሁ አውጡ ቢልስ?"

"እሱም አይችልም እማማ።"

አንጓች ደብሬንና ሕፃኗን አየች፤ ከዚያ እጇን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። "እንግዲያ አራስ ነው በይኛ" አለች።

ምን ማለቷ እንደሆነ ለጊዜው አልገባንም።

"እኔ ደብሬን ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ ደጀ ሰላም አላስረግጥም ያልኩ ነኝ። ወንድሟ ሲሞሸር እናቷ መጥታ ለቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ብቻ ልውሰዳት ብትለኝ አይሆንም አልኳት። ያገሩ ሰው ክፉ አማት አለኝ። ቀን ቀን ነው። እኔ የመሰለኝ እናንተ እንዳሻችሁ ስትነካኩ የምትውሉ ነበር። ለካ እናንተም ሰማንያ ትቆጥራላችሁ።"

"እኔንስ እንደዚያ ብረት ቆልፈሽብኝ ነው የከረምሽው?" አለች ደብሬ።

"አንቺማ ከብረቱ ብሰሻል። ብረቱ ሲቆለፍበት አያለቅስም።"

ትርንጎ ሳቀች። ደብሬ ግን አልሳቀችም፤ ሕፃኗን ከጡቷ አላቀቀችና ቀና አለች። "እኔ ሳላውቅ ነው በልጄ የተመከረ? ማነው ሌላ ሰው ይፈለግ ያለ?"

አንጓች አፏን ልትከፍት ስትል ቀደምኳት። "እሺ ያልኩ እኔ ነኝ" አልኩ። ደብሬ ዞር ብላ አየችኝ።

አንጓች ነገሩን አላስረዘመችውም። "ያቺ የደረትሽ መለኪያ አንድም ቀን ከልክ አላለፈችም?" አለቻት ትርንጎን።

"አላለፈችም።"

"በማተብሽ?"

"በማተቤ።"

"በይ ማልደሽ ተነሽ። ቄሶቹ አይጠብቁሽም።"

ቅዳሜ ማለዳ ጉም ደብሩን ሸፍኖት ነበር። ትርንጎ ሕፃኗን ታቅፋ ወደ ምዕራብ ዞረችና ስለ ልጅቱ ሰይጣንን ካደች። ሕፃኗ ከውሃው ስትወጣም እጆቿን ዘርግታ ተቀበለቻት። ክርስትና ስሟን ወለተ ኪዳን አሏት።

ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ቅዳሴ አልቆ ሰው ሲበተን ግን አንጓች ትርንጎን በእጇ ጠርታ ከቅጽሩ ጥግ ወሰደቻት፤ እኔም ተከተልኩ። ከመቀነቷ ውስጥ ከመታጠፉ ብዛት ጠርዙ የተበላ ወረቀት አወጣች።

"አንብቢልኝ።"

ትርንጎ አነበበችው፤ አንጓችንም ቀና ብላ አየቻት። "የደረት ራጅ ተነሺ ነው የሚል። የጻፉልዎ ከፋሲካ በፊት ነው።"

"ሳል ይዞኝ ነበር። ላብ ያጠምቀኛል፣ ቀሚሴም ሰፍቶኛል። ራጅ ሲሉኝ ፈራሁና ለማንም ሳልናገር ተመለስኩ። ከደብሬ ተደብቄ ጓሮ እየሄድኩ ነው የምስል።" ወረቀቱን ተቀብላ አጠፈችና፣ "ያልፋል እንጂ አይቀርም ብለሻል" አለች። "ብለሻል አይደል?"

"ብያለሁ።"

"እንግዲያ አንቺው ይዘሽኝ ሂጂ።"

ማክሰኞ በአውቶቡስ ሦስታችን ደብረ ታቦር ሄድን። ራጅ ክፍሉ በር ላይ ስትደርስ የትርንጎን እጅ ጨምድዳ ያዘች። ትርንጎ፣ "እኔ ከበሩ ውጭ ነኝ፤ ትንፋሽዎን ይያዙ ሲሉዎ ይያዙ፣ በቃ" አለቻት። ገብታ ለመውጣት የፈጀባት አንድ አባታችን ሆይ የሚያስደግም ጊዜ አይሆንም። "ይህ ነው?" አለች ስትወጣ። የተቀየመች ትመስል ነበር።

ሳንባ ነቀርሳ ነበር። መድኃኒቱን ስድስት ወር ዋጠች፤ ዳነች። ደብሬም ተመረመረች፤ ሕፃኗም እንዳይዛት የሚከላከል መድኃኒት ተሰጣት። ሐኪሙ ሕፃን ቤት ውስጥ አለ ወይ ብሎ ሲጠይቅ የአንጓችን ፊት ብታዩት። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ታያለች። ከዚያ ወደ ትርንጎ ሳትዞር፣ "ካንቺ እጅ ሳስጥላት በእኔ እጅ ነበረች" አለች። ትርንጎ ነጠላዋን አስተካከለችላት።

እንግዲህ የእኔ ነገር ይኸው ነው። ይህን የምታነቡ እናቶችና አያቶች፣ ልጆቻችን ከማናውቀው አገር ከማናውቀው ሥራ ይመጣሉ። እኛ ወይ እንኮራባቸዋለን ወይ እንፈራላቸዋለን፤ ሁለቱም ሳይጠይቁ የሚሆኑ ነገሮች ናቸው። ያን ሁሉ ዓመት ትርንጎን ምን ትሠሪያለሽ ብዬ አንድ ጊዜ ልብ ብዬ ጠይቄያት ቢሆን፣ አርብ ገበያ ላይ የምናገረውን አውቅ ነበር፤ አንጓች አጥር ሥር ስትጠይቀኝም እሺ ከማለቴ በፊት የምላት ነበረኝ። ዛሬ ስትደውል ብረቱ ምን እንዳሳያት እጠይቃታለሁ። ሳይገባኝ ሲቀር አልገባኝም እላታለሁ፤ በሌላ መንገድ ትነግረኛለች። እሷም አንዳንዴ "ይህን እኛም ገና አላወቅነውም" ትለኛለች፣ ሳታፍር።

አሁንም ከወገዳ አርብ ገበያ፣ ከዚያም መካነ ኢየሱስ እዞራለሁ። እስቴ ስሄድ አንጓች ቤት አድራለሁ፤ ወለተ ኪዳን ሮጣ ትቀበለኛለች። በዚያ ቤት ስለዚያ ሐሙስ የሚናገር የለም። ትርንጎም አንድ ቀን አንስታብኝ አታውቅም። ሁልጊዜ የማነሳው እኔ ነኝ፤ እሷ ሁልጊዜ "እምዬ፣ ያኔውኑ ነግረሽኛል እኮ" ትለኛለች።